የሰባተኛው ምዕራፍ ዕጣ

፩

ይቀመጡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አንድ ወንበር ባዶ ነው። አንባቢ ቆሞ እያየኝ ማስተማር አልችልም። ከጎንዎ ያለችው ትርሲት ትባላለች፤ ብዙ አታወራም።

፪

የትምህርቱ ስም፦ የአናሳዎች መብትና ፖለቲካ።

ምዕራፍ ሰባት፦ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች።

የመምህራን ልማድ፦ «ይቺን ራሳችሁ አንብቧት።»

ዘንድሮ ግን ክርክር ይሁን አልኩ። አንዱ «ሕጉ ሊቀጣቸው አይገባም» ይላል፣ ሌላው «ይገባል»። ማን የቱን እንደሚይዝ ዕጣ ይወስናል።

፫

የዕጣ አጣጣል፦ ሁሉም አንዳንድ ነገር ያዋጣል፤ ቁልፍ፣ ላጲስ፣ የስክሪብቶ ክዳን። የቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከኮሪደር ተጠርቶ ያነሣል። የወጣበት ይናገራል፣ ማንም አይታዘበውም። «ምን ላድርግ፣ ዕጣ ነው» ይላል።

ጋሻ ነው። ያመጣሁትም ለዚሁ ነው።

፬

ትርሲት ቢሮዬ መጣች። ቁጭ በይ ብላት ቆማ ቀረች።

«ቲቸር፣ ‹አይገባም› የሚለው ምናለ ለኔ ቢወጣ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ዕጣ ነው ብዬ የራሴን ብናገር።»

የራሷን።

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት። ሌላ አልጠየቅኳትም። አንጀቴን በላችው።

፭

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ለ«አይገባም» ሰማያዊ ክዳን አነሣች። የክፍል ተጠሪው የልዑልሰገድ ነው።

ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፈራ። «ዜሮ ይስጡኝ» አለኝ። ቤታቸው ቢሰማ ምን እንደሚል ጨነቀው።

ዕጣውን እንደገና መጣል ነበረብኝ። እኔ ግን ከልማድ «ፈቃደኛ አለ?» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

፮

ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀረቀረ።



የትርሲት እጅ።



ዕጣ የወጣበት ጋሻ አለው። በፈቃዱ እጁን ያነሣ የለውም። ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አለ።

እጇ አልወረደም።

፯

አንድ እጅ ብቻውን ከተነሣ ማታ ዶርም ውስጥ ወሬ ይሆናል። ሁለት ከሆነ ግን ፈቃደኛ በዛ ማለት ነው፤ ዕጣ ይጣላል። ለሷ ቢወጣ «ዕጣ ነው» ትላለች፣ የራሷንም ትናገራለች።

የኔ እጅ አይቆጠርም፤ መምህር ነኝ። ልዑልሰገድ ክዳኑን እያገላበጠ መሬት መሬት ያያል።

ከጎኗ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት።

«ሌላ ፈቃደኛ አለ?» አልኩ ወደ እርስዎ እያየሁ። ስምንተኛውን ባዶ ትቼልዎታለሁ።

፰