በሰባተኛውና በስምንተኛው መስመር መሃል

ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ ግማሹ በአድናቆት፣ ግማሹ በሹፈት። ሥራው ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ትርፍ ጊዜውን የሚጨርሰው ግን ራሱ የገጣጠመው ድሮን ነው። ላፕቶፑ ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ መንገድ ያሰምርለታል፤ ድሮኑም የማንም እጅ ሳይነካው ነጥቦቹን ተከትሎ ይበርና ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ታላቅ እህቱ «ከዚህስ ሚስት ብታገባ ይሻልሃል» እያለች ትተርበው ነበር።

ሰኞ ጠዋት አባታቸው ጠፉ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምሯቸዋል። በነጠላ ጫማ ወጥተው በዚያው ቀሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከሰፈሩ ጀርባ ቁጥቋጦ የሸፈነው ዳገት አለ፤ ከፊት ወንዙ። እህቱ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ዳገቱ ልትወጣ ስትል ኢንጂነሩ ክንዷን ያዛት።

«እትዬ፣ በከንቱ አትድከሚ። እኔ በሃያ ደቂቃ እጨርሰዋለሁ።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ደስ ብሎት ነበር። አባት ጠፍቶ ደስታ! ግን ሰው ነዋ፤ ስንት ዓመት የተሾፈበት ነገር ለቁም ነገር ሊውል ነው። ዳገቱ ግርጌ ቁጭ ብሎ ከፍታውን ስልሳ ሜትር ላይ አደረገ። ከዚያ ላይ ካሜራው ሰማንያ ሜትር ስፋት ያያል፤ ስለዚህ ድሮኑ የሚመላለስባቸውን መስመሮች በስልሳ በስልሳ ሜትር አራራቃቸው። ምንም አያመልጥም። ድሮኑ ሄደ፣ መጣ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጉልቶ አየ። ድንጋይና ቁጥቋጦ እንጂ የሰው ዘር የለም።

«ዳገቱ ንጹሕ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ወደ ወንዙ እንሂድ።»

ማን ይከራከረዋል? ሦስት ቀን ሙሉ ወንዝ ለወንዝ ተንከራተቱ።

ሐሙስ ዕለት እንጨት ለቃሚ ሴት አገኘቻቸው፤ ዳገቱ አናት አካባቢ፣ ቦይ ውስጥ። «ሰኞማ እዚያ አልነበሩም፤ ኋላ ነው የወጡት» አለ ሰፈሩ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግን ኢንጂነሩን ለብቻው ጠርቶ ነገረው። እግራቸው የተሰበረው ሰኞ ነው፤ ካረፉ ገና አንድ ቀናቸው ነው። የገደላቸው ውሃ ጥም ነው።

ከቀብር መልስ ጓዳ ገብቶ ላፕቶፑን ከፈተ። የወደቁበት ቦታ በሰባተኛውና በስምንተኛው መስመር መሃል ሆኖ አገኘው። ያኔ ገባው። ድሮኑ ስልሳ ሜትር የሚለው ከተነሣበት መሬት ቆጥሮ ነው። መሬቱ ሽቅብ ይወጣል፤ እሱ በዚያው ከፍታ ይሄዳል። አናቱ ጋ ሲደርስ ከመሬት የቀረው ሃያ ሜትር፣ ካሜራው የሚያየውም ሃያ ሰባት ሜትር ብቻ ነበር። በየመስመሩ መሃል ከሠላሳ ሜትር በላይ ማንም ያላየው መሬት ቀርቷል። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እሱም ያውቀዋል እኮ! በችኮላና በኩራት ዘነጋው እንጂ።

እህቱ ገባች። «ና ውጣ እንጂ፣ ሰው እየጠየቀህ ነው።» ፊቱን ስታይ ድምፅዋ ወረደ። «ምን ሆንክ?»

«እትዬ፣ አባባ ሰኞ እዚህ ጋ ነበር» አላት ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ። «ማሽኑ ዘሎት ነው። ያስቀረኋችሁ እኔ ነኝ።»

ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። «ያኔ ብወጣ ኖሮ አገኘው ነበር?»

ሊዋሻት ፈለገ፤ ምላሱ እምቢ አለው። «በሕይወት ታገኚው ነበር።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። በጥፊ ብትለው ደስታው ነበር።

«ለማንም እንዳትናገር» አለች በመጨረሻ። «የእናቴ ልጅ ነህ፤ ሰው አፍ ውስጥ አልከትህም። ግን ሁለተኛ እትዬ ብለህ እንዳትጠራኝ።»

ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም። ከለቀስተኞቹ መሃል አንድ ሽማግሌ «ያ ልጅ የት ገባ? መቼም ለአባቱ ያልሆነው የለም» ሲሉ ተሰማው።

«አዎ» አለች እህቱ። «ወንድሜ ያላደረገው ነገር የለም።»