ፀሐይ ፈላጊው ስልክ

ሰው ስልኩን ለማየት ጥላ ይፈልጋል። የኔ ባል ግን ፀሐይ ይፈልጋል። እስቲ ይሄን ምን ትሉታላችሁ?

ሰይፈሥላሴ ቂሊንጦ ላለ ፋብሪካ የሠራተኛ ሰርቪስ ይነዳል። ልጃችን ሊዲያ እዚያው ፋብሪካ ትሠራለች፤ የማታ ፈረቃ ሲደርሳት የሚወስዳት አባቷ ነው። በቀደም ደህናውን ስልኩን ሸጦ፣ «ፀሐይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል» የተባለ ስልክ ገዛ። ከዚያ ወዲህ መልእክት ጢን ባለ ቁጥር ደረጃውን ይወርዳል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ መሃል፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ ተገትሮ ያነባል። ፊት ለፊቱ የዳሲቱ ሱቅ ነው። ዳሲቱ ፈት ናት፤ ጥርሷ ደግሞ አይከደንም።

«እዚሁ ተቀምጠህ አታነብም?» ስለው «ኔትወርክ የለም» ይለኛል። ወይ ኔትወርክ! እኔ እዚያው ሶፋ ላይ ሆኜ ከእህቴ ጋር በቪዲዮ አወራለሁ። አንጀቴ አረረ። ይሄን ሁሉ ዓመት ኖሬ በጎረቤት ልዋረድ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ፣ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አዲስ ሲም ስልኬ ውስጥ ከተትኩ። ዝናቡ ይወርዳል፤ መብራትም ጠፍቷል። አሁን የት ትወጣለህ አልኩ በሆዴ። ጓዳ ገብቼ «ናፍቀኸኛል፤ ነገ ብቅ በል» ብዬ ላኩለትና ተመልሼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ስልኩ ጢን አለ። አፍንጫው ድረስ አስጠጋው፤ አራቀው፤ ወደ መስኮቱ አዞረው። ዓይኔን ከፊቱ አልነቀልኩም። አልደነገጠም፣ አልሣቀም። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን ለኔው ሰጠኝ።

«ፈለቄ፣ እስቲ አንብቢልኝ። ከስምሪት ይሆናል።»

«ማስታወቂያ ነው» አልኩና ቶሎ አጠፋሁት። «አንተስ ለምን አታነብም?»

ስልኩን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተ።

«ቤት ውስጥ አይታየኝም» አለ። «ይሄ ስልክ ፀሐይ ሲያገኝ ብርሃኑ ይጨምራል፤ ያኔ እንደ ምንም አነባለሁ። ሐኪሙ ዓይንህ እየደከመ ነው ብሎኛል።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ዳሲቱ አይደለችማ! እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ግን ሌላው ነገር መጣብኝ።

«ማታስ እንዴት ነው የምትነዳው?»

«መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

«ልጄን ጭነህ? አበድክ እንዴ!»

«ቀስ በይ፣ ሊዲያ እንዳትሰማ። ካወቁ ያባርሩኛል፤ በምን እንኖራለን?»

እሱ ከሌላ ሴት ጋር ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምለውን አውቃለሁ።

ሊዲያ ቦርሳዋን አንግታ ከክፍሏ ወጣች። «አባዬ፣ እንሂድ፤ ሰዓት ደርሷል።»

እሱም ተነሳና ጠረጴዛውን በእጁ ዳበሰ። የመኪናው ቁልፍ እዚያው እፊቱ ነበር። ቀድሜው አነሳሁና ጡት መያዣዬ ውስጥ ወሸቅኩት።

«ዛሬ ማንም አይሄድም» አልኩ።