ፍሬኔን ራሴ የጠገንኩ ሰሞን

ቡታጅራ ውስጥ ዶክተር ይሉኛል። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም፤ ግን አንድም ቀን ተሳስታችኋል ብዬ አላውቅም። ከጎጃም በሥራ መጥቼ እዚሁ አግብቼ የቀረሁ ሰው ነኝና፣ አገሬው የሰጠኝን ማዕረግ መመለስ ነውር ይመስለኛል። ራሴን የማጽናናው እንዲህ እያልኩ ነው።

በዘጠና ሰባቱ የምርጫ ቅስቀሳ ሰሞን ከመስቃን ገጠር ከብት ከትቤ በሞተሬ ስመለስ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ከፊቴ ድንገት ቆመች። የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩ። እጀታው እንደ ራሰ ዳቦ ልስልስ ብሎ መሪው ድረስ ገባ፤ ሞተሯ ግን ጉዞዋን አላቋረጠችም። የኋላው ፍሬን ድሮም ለስሙ ያህል ነው። ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። በስተቀኝ ደግሞ እትዬ ሃሊማ ለፀሐይ ያሰጡት በርበሬ ነበር።

በርበሬው መሃል ገብቼ ቆምኩ። ሰፈሩ በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ፤ በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ቀስቃሽ እንኳ “የተከበራችሁ የከተማችን…” ብሎ ሳይጨርስ አነጠሰ።

እትዬ ሃሊማ በሻሻቸው አፍንጫቸውን ይዘው መጡ።

“አልሃምዱሊላህ፣ ተርፈሃል! ምን ነካህ ዶክተር?”

“ፍሬኑ ነው፣ እትዬ።”

“ታዲያ አታሳየውም? ጋራዥ ሞልቷል እኮ።”

“ለዚህማ ጋራዥ አልሄድም። እቤት ራሴ እሠራዋለሁ” አልኩ፣ ከቅንድቤ ላይ በርበሬ እያራገፍኩ። ያ ሁሉ ሰው ከቦ ባያየኝ ኖሮ አልለውም ነበር።

ችግሩን እንኳ አውቄዋለሁ። የፍሬኑ ቱቦ ውስጥ አየር ገብቷል፤ አየሩ ካልወጣ ዘይቱ ፍሬኑን አይገፋም። የማላውቀው በምን እንደሚወጣ ነው። ሸምሶ የሕንፃ መሣሪያና የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ጠየቅኩ።

“ለምን ሥራ ነው የፈለግከው?” አለኝ።

“ለሁሉም ነገር” አልኩት ኮስተር ብዬ። አላውቅም ማለት ከብዶኝ ነው።

ሸምሶ ነጋዴ ነው፤ “ለሁሉም ነገር” የሚል ደንበኛ በየቀኑ አያገኝም። ከመደርደሪያው ሥር ቀይ የብረት ሣጥን ጎትቶ አወጣ። ሲከፍተው ውስጡ የተደረደሩት ቁልፎች አብለጨለጩ። አንዱን ባነሣው የክንዴን ግማሽ ያክላል። ወደድኩት። መዶሻም አስጨመርኩ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ፀጋ ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሣጥኑን አይታ፣ “ጋራዥ ልትከፍት ነው?” አለች። ሣጥኑን ሞተሯ አጠገብ አስቀምጬ ከፈትኩት።

ፍሬኑ ላይ አየር የሚወጣባት ብሎን ከሽንብራ ብዙም አትበልጥም። ከሣጥኑ ትንሹን ቁልፍ መርጬ ሳጠልቅባት ዙሪያዋን ይዞራል እንጂ አይነክሳትም። ለካ ሣጥኑ ለጭነት መኪና የሚሆን ነው። ፒንሳ አመጣሁ። ፒንሳው የብሎኗን ጠርዝ መላጨት ሲጀምር አላበኝ። መዶሻውን ሳነሣ ፀጋ ልብሱን ትታ መጣች።

“ያረጋል፣ መዶሻውን አስቀምጥ።”

“ትንሽ ነካ ባደርጋት…”

“አስቀምጥ አልኩህ! ከብት ስትወጋ ከመርፌው አየር የምታስወጣው እንዴት ነው?”

“ሲሪንጁን ቀና አድርጌ ከታች እገፋዋለሁ። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ…”

መዶሻውን አስቀመጥኩ። በየጋጣው ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው።

ሸምሶ ጋ ተመልሼ እውነቱን ነገርኩት። አንዲት ስምንት ቁጥር ቁልፍና የፍሬን ዘይት አወጣልኝና፣ “መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትለኝ ኖሮ…” ብሎ ሳቁን ዋጠ። ከፋርማሲ ደግሞ ትልቅ ሲሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ። ሻጯ፣ “ለሰው ነው ለከብት?” ስትለኝ፣ “ለሞተር” አልኳት።

ፒንሳዬ የላጫት ብሎን ለስምንት ቁጥሯ ቁልፍ እሺ አለች። ፈታ አድርጌ ቱቦውን አጠለቅኩባትና አዲሱን ዘይት በሲሪንጁ ቀስ እያልኩ ከታች ገፋሁ። ፀጋ መሪው አጠገብ ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ ከፍታ ትጠብቃለች።

“መጣ! አየሩ እየተንፈቀፈቀ ነው!” አለች።

በደስታ አንዴ ጠንከር አድርጌ ብገፋው ዘይቱ ሞልቶ የቤንዚን ታንከሩ ላይ ፈሰሰ። የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚበላ ያወቅነው፣ ስንጠርገው ሰማያዊው ቀለም ከጨርቁ ጋር አብሮ ሲመጣ ነው። ሞተሬ እንደ ለምጻም ጊደር ዥጉርጉር ሆና ቀረች።

ፍሬኑ ግን ያዘ። በነጋታው ፀጋን አፈናጥጬ ጥያ እኅቷ ጋ ስንሄድ፣ ቁልቁለቱ ላይ አህያ ዘው ብላ ገባችብን። እጀታውን ጨበጥኩ፤ ሞተሯ ቀጥ አለች። አህያዋ ገላምጣን አለፈች። ጃኬቴን አንቆ ይዞ የነበረው የፀጋ እጅ ቀስ እያለ ሲላላ ተሰማኝ፤ ከዶክተርነቱ ይልቅ ያን ጊዜ ኮራሁ።

ወሬው ተሰምቶ ኖሮ፣ በሳምንቱ ሙባሪክ የሚባል ጎረቤታችን ለሞተሩ ፍሬን ምን ምን ዕቃ እንደሚገዛ ሊያማክረኝ መጣ። እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ።

“ዋናው ነገር ሙባሪክ፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሥራውን በሚገባ ማጥናት ነው…”

ከውስጥ የፀጋ ሳቅ ተሰማ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና ቀጠልኩ።