ዘይቱን የማይለቅ ድንጋይ

መሐንዲሷ የላቦራቶሪውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ከጠዋት ጀምሮ ስትመላለስ ስንተኛዋ እንደሆነ እሷም አታውቅም። በመስታወት ቱቦ፣ ኬሚካል በተቀላቀለበት ውሃ የተነከረው የኖራ ድንጋይ በጎኑ ጥቁር የዘይት ላብ አውጥቷል።

"ኧረ ተቀመጪ! ስላፈጠጥሽበት አይፈጥንም" አላት የላቦራቶሪው ባለሙያ።

"ተራ ውሃ ውስጥ ያለውስ?"

"እሱማ ንክች አላለም።"

የነዳጅ መስኩ አርጅቷል። ለዓመታት ውሃ እየገፉ ዘይት ሲያወጡበት ኖረው አሁን የሚወጣው ያው የላኩት ውሃ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ዘይት ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። እሱን ለማላቀቅ ድርጅቱ ወይ ጋዝ ጨምቆ ወደ ታች መላክ፣ ወይ ድንጋዩን በኬሚካል ማጠብ አለበት። የትኛው እንደሚሻል የምትናገረው እሷ ናት፤ ስብሰባው ደግሞ ሊጀመር ነው።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጮኸ። ታላቅ ወንድሟ ነው፤ መስኩ ላይ ባለው የጋዝ መጭመቂያ ጣቢያ መካኒክ ነው። ጋዙ ካልተመረጠ ጣቢያው ይዘጋል።

"ወንድም ጋሼ፣ ስብሰባ ልገባ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው የደወልኩት። ጋዙን ነው አይደል የምትዪው? እዚህ ሰዉ ሁሉ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። 'እህትህ እያለች ምን ያስፈራሃል' ይሉኛል።"

"ድንጋዩ እኮ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። ለሙከራ በአንዱ ጉድጓድ የላክነው ቀለም በማግስቱ በጎረቤቱ ወጣ። ጋዙም ዘይቱን ሳይነካ በስንጥቁ ሾልኮ ያልፋል።"

"እሱን ለአለቆችሽ ንገሪ። እኔ ስለ ልጆቼ ነው የማወራሽ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋዙ አንድ ዓመት ብቻ ይሥራ፣ እህቴ። ዓመት ካገኘሁ ለሌላው እኔ አውቃለሁ።"

ጋዙ ዓመት እንደሚሠራ እሷም ታውቃለች። የፈተናትም ይኸው ነበር። ሊፍቱን ቆማ መጠበቅ አቅቷት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

"በአጭሩ ንገሪን" አሏት ሥራ አስኪያጁ ገና ሳትቀመጥ። "ጋዝ ነው ኬሚካል?"

"ኬሚካል።"

"ጋዙ እኮ ቶሎ ውጤት ያሳያል።"

"ያሳያል። ከዚያ ግን ራሱ ጋዙ ተመልሶ ይመጣብናል። እሱን ስንጨምቅ፣ መልሰን ስንልክ፣ መስኩ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሥራ የሚያጣው አንድ ጣቢያ ብቻ አይሆንም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ስለ ድንጋዩ አዎ። ኬሚካሉ ወጪውን ስለ መመለሱ ግን አይደለሁም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ እንሞክረው። እንላከው፣ ጉድጓዱን ዘግተን ድንጋዩ እስኪጠጣው እንጠብቅ፣ ከዚያ እንቅዳ።"

የፋይናንስ ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ወንድምሽ ጣቢያው ላይ አይደል እንዴ የሚሠራው?"

"አዎ፣ እዚያ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ግንባራቸውን አሹ። "በቃ፣ በአንድ ጉድጓድ ይሞከር። ጣቢያው ይዘጋል። ለሠራተኞቹ ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ይለጠፍላቸው።"

ግቢው ውስጥ ቆማ ለወንድሟ መልእክት ጀመረች። "ይቅርታ" ብላ ጻፈች፣ አጠፋችው። "አልተሳካም" ብላ ጻፈች፤ ይህም ውሸት ነው፣ አጠፋችው። ፓምፕ የጫነ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሲያጉረመርም አየችና ሮጠች።

"ወደ መስኩ ነህ?"

"አዎ፣ ግን መንገዱ አቧራ ነው፣ መስኮቱም አይዘጋም" አላት ሾፌሩ።

"ግድ የለም፣ ጠጋ በልልኝ።"

ከዋናው በር ሳይወጡ ስልኳ ጮኸ። አነሳችው።

"እህ? ምን ተባለ?"

"በስልክ አልነግርህም፣ ወንድም ጋሼ። እየመጣሁ ነው። ሰዎቹንም ሰብስባቸውና ጠብቁኝ።"