የማያም ቁስል

ጋሽ አምላኩ ቶንዶሱን ከግሩም ማጅራት ላይ አንስቶ አጠፋው።

«ምነው ጋሼ፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አለ ግሩም አንገቱን እንደደፋ።

«መብራቱስ አለ። ይህን ያየኸው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እሱን ብዬ እኮ ነው ሙልጭ አድርገው ይላጩኝ ያልኩዎት። ቆረቆር ነው። አይቀየሙኝና የያዘኝ ከዚሁ ከርስዎ ቶንዶስ ነው። ሰርጉ አስር ቀን የቀረው ሙሽራ እንዲህ ይደረጋል?»

ተራውን የሚጠብቀው ጡረተኛ ሹፌር ጋሽ ገሜዳ ከአግዳሚው ላይ ሳቀ። «ይሄ ቶንዶስ የኔን ራስ ስንት ዓመት ሲዞረው ምንም አላመጣብኝም። ልታገባ ነው ሲሉት ፀጉርህ ቀድሞህ ሸሽቶ ይሆናል!»

አምላኩ አልሳቀም። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብላ ባለችው በዚህች ፀጉር ቤት አስራ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ ቆረቆርን አሳምሮ ያውቀዋል። ቆዳው ላይ ቅርፊት ያወጣል፣ ያሳክካል። የግሩም ቆዳ ግን ንጹሕ ነው። ፀጉሩ ብቻ ብል እንደበላው ጋቢ እዚህም እዚያም ሳስቷል። እንዲህ ያለ ራስ ከዚህ በፊት ያየው አንድ ጊዜ ነው፤ በመስታወት፣ የራሱን።

«እስቲ መዳፍህን» አለው።

ግሩም ከጨርቁ ስር እጁን አወጣ። መዳፉ መዳብ በመሰለ ጠቃጠቆ ተሞልቷል።

«ያሳክክሃል?»

«ኧረ ምንም። ሴራሚክ ስናነጥፍ ሲሚንቶው በልቶኝ ነው።»

«ውስጥ እግርህስ? እሱንም ሲሚንቶ በላው?»

ግሩም እግሮቹን ከወንበሩ ስር ሰበሰበ። አምላኩ ወደ አግዳሚው ዞረ። «ጋሽ ገሜዳ፣ ለጥቂት ጊዜ ደጅ ፀሐይ ቢሞቁልኝ?»

ገሜዳ ሌላ ቀልድ ሊጨምር ከጀለና የአምላኩን ፊት ሲያይ ተወው። ዱላውን ይዞ ወጣ።

«ሐኪም አይደለሁም ግሩም» አለ አምላኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ልጠይቅህ። ከሁለት ሦስት ወር በፊት ብልትህ ላይ ቁስል ወጥቶብህ ነበር? የማያም ቁስል?»

ግሩም አቀረቀረ። «ትንሽዬ ነገር ነበረች። ለሥራ አዳማ የሄድን ጊዜ… ከሰብሌ ጋር ተኳርፈን ነበር፤ ሰይጣን አሳሳተኝ። ቁስሉ ግን አንድም ቀን አላመመኝም። ጠበል ተጠመቅኩ፣ በሦስት ሳምንት ደረቀ።»

«ያደረቀው ጠበሉ አይደለም። ያ ቁስል በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ሲደርቅ የዳነ ይመስላል እንጂ ወደ ደም ገብቶ ነው። ከዚያ በኋላ ከሰብሌ ጋር ተገናኝታችኋል?»

«እና ልንጋባ አይደል እንዴ ጋሼ…»

«ቂጥኝ እንዳይሆን እፈራለሁ።»

«ቂጥኝ? በዚህ ዘመን?» ግሩም ከወንበሩ ሊነሳ ቃጣው። «ለቤተ ክርስቲያን ስንመዘገብ እኮ ተመርምረን ወረቀት አምጥተናል። ሁለታችንም ነጻ ነን!»

«የተመረመራችሁት ኤች አይ ቪ ነው። እሱ ይሄን አይነግርህም።»

«በቃ፣ ከሰርጉ በኋላ እታያለሁ። አሁን ይላጩኝና ልሂድ። ሲላጭ እንደሆነ አይታይም።»

አምላኩ ቶንዶሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ቢላጨው በእርግጥ አይታይም። እሱ ራሱ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ እንዲሁ ተላጭቶ ነበር ያገባው። ወለተጻድቅ ሁለቴ የሞተ ልጅ ወለደችለት። በሦስተኛው እርግዝና ጤና ጣቢያ ደሟ ታየ፤ ሁለቱም በመርፌ ዳኑ፣ ልጅቷም ተረፈች። ሳይጠመቁ የተቀበሩትን የሁለቱን ነገር ግን ከንስሐ አባታቸው በቀር ማንም እንዳይሰማው ሚስቱ ቃል አስገብታዋለች። ሃያ ዓመት ጠብቆታል።

ስልኩን አውጥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

«ወለቴ፣ የልጆቹን ነገር ለአንድ ሰው ልንገረው?»

«ለማን?» አለች ሚስቱ።

«ሊያገባ ነው። አስር ቀን ቀርቶታል።»

«ሙሽራይቱ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለች። «ንገረው።»

ተመልሶ ከግሩም ፊት ተቀመጠና ነገረው። ምንም አላስጌጠውም። የተላጨበትን ቀን፣ ትንንሾቹን ሁለት ሳጥኖች፣ ሁሉንም ነገረው። ግሩም ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«በመርፌ ይድናል?» አለ በመጨረሻ።

«በጊዜው ከተደረሰበት ፔኒሲሊን ይበቃዋል። ምናልባትም ሌላ ነገር ይሆናል፤ እሱን ደምህ ይናገራል። ግን እሷም ትታይ። አንተ ብቻህን ብትታከም መልሳ ታስይዝሃለች። እስከዚያው አትድረስባት።»

«ሰምታ ብትተወኝስ?»

«ብትተውህም መብቷ ነው ልጄ።»

ግሩም ጨርቁን ከአንገቱ ራሱ ፈታ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ሰብሌ፣ ከሥራ ስትወጪ ቀጥታ ቤት አትግቢ። አስኮ ፌርማታው ጋ እጠብቅሻለሁ… አይ፣ ስለ አዳራሹ አይደለም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን… በስልክ አይሆንም። ፊቴን እያየሽ ልንገርሽ።»

በሩን ከፍቶ ሲወጣ ገሜዳ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ቀና ብሎ አየው። «ኧረ አንተ ሙሽራ! ሳትላጭ ልትሄድ?»

«አዎ ጋሼ» አለ ግሩም። «እንዲሁ እንዳለሁ ትየኝ።»