ማቴስ የማይሰድባት ሴት

የኮሎኝ ሰው ቢራ ቤት ገብቶ ሳይሰደብ ከወጣ ቅር ይለዋል። ሰማያዊ ሽርጥ ያገለደሙት አስተናጋጆች እንግዳ የሚቀበሉት በምላሳቸው ነው። ራሰ በራውን በራሱ፣ ቦርጫሙን በቦርጩ ይይዙታል፤ ዳኛ ቢሆን ቄስ ቢሆን አይምሩም። ተሰዳቢው መልሶ ይሰድባል፣ ሁለቱም ይስቃሉ፣ ቢራው ይመጣል። የማይሰደብ ካለ ወይ የአንድ ቀን ጎብኚ ነው ወይ በር ተሳስቶ የገባ ነው።

ሮስቪታ አራት ዓመት ሙሉ አልተሰደበችም።

በየቅዳሜው ያንኑ አሮጌ ኮፍያዋን ደፍታ ከራይን ወንዝ ማዶ ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ ትመጣና መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ማቴስ በቤቱ ካሉት አስተናጋጆች ሁሉ ምላሱ የከፋ ነው፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ? ምን ልታዘዝ?» ይላታል። ይህ «እመቤቴ» የሚሉት ነገር ሆዷን ያባባዋል። ከሃኖቨር የመጣችው ከሰባት ዓመት በፊት፣ ባሏ ቤርንት ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ ከተማው ሲመለስ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ከተማው እንደ ልጁ ቆጥሯት እንደሆነ የምታውቅበት ሌላ መለኪያ የላትም። የማይሰድበኝ ባዕድ ስለሆንኩ ነው ብላ ከደመደመች ቆይታለች።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ታላቅ እህቷ ኢርምጋርድ ከሃኖቨር መጥታለች፤ የመጣችውም ለጉብኝት ብቻ አይደለም። ከእሷ ቤት በታች ያለው ፎቅ ተለቋል፤ ሮስቪታ ጠቅልላ እንድትገባበት ትፈልጋለች። «ባቡሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው» ብላታለች ገና ጣቢያው ላይ እንደተሳሳሙ። «ከዚያ በፊት መልስሽን እፈልጋለሁ፤ አከራዩ ሰኞ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነው።»

ጠዋት የካቴድራሉን ማማ ወጡ። ኢርምጋርድ በስልሳ ስምንት ዓመቷ አምስት መቶ ሠላሳ ሦስቱን ደረጃ ሁሉ እያማረረች ጨረሰቻቸው።

«ይህን ሁሉ ስወጣ» አለች ጫፍ ላይ ደርሳ ግድግዳውን ተደግፋ፣ «እግዜር ራሱ በር ላይ ቆሞ የሚቀበለኝ መስሎኝ ነበር!»

«እዚህ የሚቀበሉሽ ስትወርጂ ነው፤ በቢራ።»

ከዚያ በጀልባ ወንዙን ወረዱ፣ ተመለሱ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ኢርምጋርድ በአጥሩ ላይ ተደራርበው የተንጠለጠሉትን የፍቅረኞች ጓጉንቸሮች አየችና ቆመች።

«ቆልፈው መክፈቻውን ወንዝ ውስጥ ይጥሉታል» አለቻት ሮስቪታ።

«ከተጣሉስ?»

«መጋዝ አለ።»

ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ኢርምጋርድ እጇን ያዘቻት። «እውነቱን ንገሪኝ፣ እህቴ። እዚህ ማን አለሽ?»

ሮስቪታ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። በልቧ ግን፣ ዛሬም ማቴስ «እመቤቴ» ካለኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ ብላ ከራሷ ጋር ተወራረደች። በስልሳ ሦስት ዓመት ዕድሜ ዕጣ ፈንታን በአንድ አስተናጋጅ ምላስ ላይ ማንጠልጠል ያሳፍራል። እያፈረች አንጠለጠለችው።

ቢራ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ማቴስ ትናንሾቹን ብርጭቆዎች በክቡ ትሪ ደርድሮ እየተጋፋ መጣና ኢርምጋርድ ላይ ዓይኑን አሳረፈ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ላብ በላብ የሆንሽው? ካቴድራሉን ተሸክመሽ ነው የመጣሽው?»

ኢርምጋርድ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ወዲያው ግን ነቃች። «እሱን ካስቀመጥኩት ቆየሁ። አሁን አንተን ልሸከም ብል ግን ወገቤ አይችልም!»

ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉት ጠረጴዛቸውን ደበደቡ። ማቴስ ደስ ብሎት ቢራውን አስቀመጠላትና ወደ ሮስቪታ ዞረ። ትከሻው ረገብ፣ ድምፁ ለስለስ አለ።

«እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ?»

አለቀ። ሮስቪታ ብርጭቆዋን ተቀብላ አመሰገነችው።

ኢርምጋርድ ከምግብ ዝርዝሩ ላይ «ግማሽ አውራ ዶሮ» የሚል አይታ አዘዘች። ሮስቪታ ልታስጠነቅቃት ትችል ነበር፤ ሆን ብላ ዝም አለች። የመጣው አንድ ዳቦ ከአይብና ከሽንኩርት ጋር ነበር፤ ሁልጊዜም እሱው ነው።

«ዶሮው የታለ?» አለች ኢርምጋርድ።

«የሃኖቨር ሰው መጣ ሲባል ሰምቶ በመስኮት ዘለለ» አለ ከአነጋገሯ አገሯን የለየው ማቴስ።

«ግማሽ ሆኖ እንዴት ይዘላል?»

«በአንድ እግሩ ነዋ!»

ኢርምጋርድ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሮስቪታ አንገቷን ደፍታ «ሰማይና ምድር» የሚሉትን፣ ከተፈጨ ድንችና ፖም ላይ የደም ቋሊማ የተጋደመበትን ምግብ ትበላለች። እህቷ በገባች በሩብ ሰዓት ውስጥ የኮሎኝ ልጅ ሆና አረፈችው። ቀናችባት፤ ምን ይደበቃል።

በዚህ ቤት ብርጭቆ ባዶ ሲሆን ሳይጠየቅ ሌላ ይተካል። በቃኝ የሚል ሰው ከብርጭቆው ሥር የምትነጠፈውን ካርቶን አውጥቶ የብርጭቆው አፍ ላይ ይከድናታል። ሮስቪታ ከሁለተኛው በኋላ ከደነች። ከዚያ አንድ የመጨረሻ ነገር ትዝ አላት።

«ማቴስ፣ ውሃ አምጣልኝ።»

ጎረቤቶቹ ሁሉ ዞሩ። እዚህ ውሃ ማዘዝ ስድብ መለመን ነው። መልሱን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ «ሳሙናና ፎጣስ ላምጣልሽ?» ነው፤ ቀርቶም አያውቅም። ማቴስ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ አንገቱ ቀላ።

«በደስታ፣ እመቤቴ» አለና ሄደ። ይዞ የመጣው ውሃ ላይ ሎሚ ተቆርጦበታል።

ሎሚው ነው ያበሳጫት። እመቤቴውን ችላለች፣ ሎሚውን ግን አልቻለችም። ብድግ አለች።

«ስማ አንተ ሽርጥ ያሰርክ በርሜል! እኔ ምን አድርጌህ ነው? አራት ዓመት ሙሉ ስመጣ አንድ ቀን ክፉ አልተናገርከኝም! ይቺን ገና ካቴድራሉን ከጫንቃዋ ሳታወርድ ሰደብካት፣ እኔን ሎሚ ታጠጣኛለህ! ሆስፒታል ተኝቻለሁ? ነው ወይስ ለስድብ አነስኩ?»

ማቴስ ትሪውን አስቀመጠ። እጁን በሽርጡ ጠረገና ከእንግዳ ጋር የማይቀመጠው ሰው አጠገቧ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ።

«ኧረ ተመስገን!» አለ። «አራት ዓመት ይቺን ነው የጠበቅኩት። መጀመሪያ የመጡ ቀን ያልኩዎትን ያስታውሳሉ?»

«ምንም አላልከኝም።»

«ብያለሁ። ጥቁር ለብሰው፣ ጫማዎ ጭቃ ይዞ መጡ። ሰማይና ምድር ለሁለት ሰው አዘዙ፤ አንዱን ሳህን ከፊት ለፊትዎ አስቀመጡት። እኔ መች አወቅኩ! ምላሴ ቀደመኝና ‹ምነው፣ ባልሽ ጥሎሽ ሄደ እንዴ?› አልኩ። እርስዎ ‹አዎ፣ ዛሬ ቀበርኩት› አሉ።»

ማቴስ የብርጭቆዋን ካርቶን አንሥቶ በጣቶቹ አሽከረከረ።

«ሠላሳ ዓመት ስሳደብ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ይቺ ሴት ራሷ እስክትሰድበኝ አንዲት ክፉ ቃል አይወጣኝም ብዬ ማልኩ። እርስዎ ደግሞ ጨዋ ነዎት፤ አመሰግናለሁ ብቻ! እንዴት እንደተቃጠልኩ ያውቃሉ? የዚያን ኮፍያዎን ነገር ብቻ እንኳ በሆዴ ይዤ ስንት ዓመት ኖርኩ!»

ሮስቪታ ሁለቱን ሳህኖች አስታወሰች። ቤርንት አንድ ቀን እወስድሻለሁ ሲላት ኖሮ ያልወሰዳት ቢራ ቤት ነበር። የተባለችውንም የመለሰችውንም ግን አታስታውስም፤ ከዚያ ቀን ወሬ ጆሮዋ ላይ የቀረ ነገር የለም።

«ቤርንት ያንን ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር» አለች። ያለችው ሲገባት ራሷ ከት ብላ ሳቀች፣ እያለቀሰችም ሳቀች። ኢርምጋርድ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዋን ገለበጠች።

«ቆይ፣ ኮፍያዬ ምን ሆነ?» አለች ሮስቪታ ዓይኗን እየጠረገች።

ማቴስ ተነሣ። ረጅም ትንፋሽ ሳበ። «ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«ድመት ልትወልድበት መጥታ አይታ ተጸይፋ የተወችው ነው የሚመስለው!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ የሮስቪታ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ማቴስ ወደ ጓዳ ገባና በትሪው ላይ ሎሚ የሌለበት ውሃ፣ የታጠፈ ፎጣና አረንጓዴ ሳሙና ይዞ መጣ። በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ አቀረበላት።

«ወስደሽ ተጣጠቢበት፤ ቅዳሜ ግን መልሺ። ለሚቀጥለው ሞኝ ያስፈልገኛል።»

ባቡር ጣቢያው ከካቴድራሉ ሥር ነው፤ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ኢርምጋርድ የባቡሩ ደረጃ ላይ ቆማ ወደ ታች አየቻት።

«መልስሽን አልነገርሽኝም።»

ሮስቪታ ቦርሳዋን ከፍታ በፎጣ የተጠቀለለውን ሳሙና አሳየቻት። «ቅዳሜ መመለስ አለብኝ እኮ።»

ኢርምጋርድ ሳሙናውን አየች፣ እህቷን አየች። በሩ መዘጋት ሲጀምር አንገቷን አወጣች።

«እሺ፣ ቅሪ! ኮፍያውን ግን ወንዝ ውስጥ ጣዪው፤ ሰውዬው እውነቱን ነው!»