የአክስት ቀዬ ላይ ያረፈው ቀይ

የካርታ ባለሙያዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አለቃዋን አትወዳቸውም ነበር። ቢሮው በሙሉ «አቶ ይጣራ» ይላቸዋል፤ ምን ቢቀርብላቸው «ይጣራ» ሳይሉ አይፈርሙም። ዛሬ ግን ስማቸው ሲነሳ እንባዋ ይቀድማታል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሥራዋ በበረሃው አሸዋ ሥር ያለውን ውሃ ኮምፒውተር ላይ መሳል ነው። በየጉድጓዱ የመለኪያ ገመድ እየወረደ የውሃው ጥልቀት ይለካል፤ በጉድጓዶቹ መሀል ያለውን ባዶ ደግሞ የኮምፒውተሩ ሞዴል አስልቶ ይሞላዋል። ውሃው ቅርብ ከሆነ ሰማያዊ፣ ከራቀ ቀይ። የመቆፈሪያው ማሽን ወደዚያ ሜዳ የሚመጣው አንዴ ብቻ ነበር፤ ውሃ በወጣበት ሰው ይሰፍራል፣ ውሃው የራቀበት መንደር ከቦታው ይነሳል።

ታዲያ ካርታው ሲያልቅ ቀዩ የት ያረፈ መሰላችሁ? ያሳደገቻት አክስቷ መንደር ላይ! እናቷ ስትሞት አዝላ ያሳደገቻት፣ ራሷ ፊደል ሳትቆጥር ያስተማረቻት አክስት። ያቺ ሴት ከቤቷ ውጪ መኖር አይሆንላትም፤ አንዴ ከተማ ብትወስዳት ሳምንት ሳይሞላት ታማ ተመልሳለች። ልጅቱ ግን «ለዘመድ ብዬ አላዳላም» ብላ ካርታውን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«ይጣራ» አሉ።

«ምኑ ነው የሚጣራው? ራሴ ነኝ የለካሁት!»

«ቆይ፣ አትቆጪ። ይኼ ሁሉ ቀይ የመጣው ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ ጎረቤት ጉድጓዶች ሌላ ይላሉ። ስትለኪ ፓምፑ ይሠራ ነበር?»

«ኧረ ጠፍቶ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ያኔ ነገሩ ትዝ አላት። ጉድጓዱ የአክስቷ ነው። ያን ቀን አክስት «ልጄ አቧራ ለብሳ ነው የምትመጣው» ብላ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ስትስብ አርፍዳ፣ በርሜሉን ሁሉ ሞልታ፣ ገላዋን አሳጥባት ነበር። ገመዱን ያወረደችው ፀጉሯ ሳይደርቅ ነው። በመሳቡ ዝቅ ያለው ውሃ ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም ነበር።

እዚያው ቆማ ደወለች። «አክስቴ፣ እስክመጣ ፓምፑን እንዳትነኪው።»

«ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም! ዝም ብለሽ አሳርፊው።»

«እሺ፣ ሚጢ። ጎረቤትም እንዳይነካው በሩ ላይ እቀመጣለሁ።»

በማግስቱ ከአለቃዋ ጋር ወርዳ ለካች። ውሃው ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። ሌሎቹንም ጉድጓዶች አሳርፈው እንደገና ለኩ፤ አዲሱን ልኬት ሞዴሉ ውስጥ ሲያስገቡት በመንደሩ ላይ ያለው ቀይ ሰማያዊ ሆነ። ማሽኑም ወደዚያው ዞረ።

ውሃው ጭቃ ጭቃ እያለ ወጥቶ ሲጠራ መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። ልጅቱ አክስቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናዘዘች፤ እንዴት ልታስነሳት እንደነበር፣ ማን እንዳስቆማት። አክስት እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ጥግ ላይ ወደቆሙት አለቃ ሄዳ ሁለት እጃቸውን ያዘች።

«ውሃውን የሰጠ እግዜር ነው፤ እሱን የማመሰግንበትን እኔ አውቃለሁ። እርስዎን የማመሰግነው ስለ ልጄ ነው። እኔማ ተነሺ ብባል እነሳ ነበር። እሷ ግን በገዛ እጇ እንዳስነሳችኝ እያሰበች ዕድሜዋን ልትጨርስ ነበር።»